አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ማለዳ፣ ለዓይኔ ቀጠሮ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ስወርድ አንዲት የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሰች ልጅ መንገድ ዳር አስቆመችኝ። «አባባ፣ ከመስመሩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ገና አሁን የተበተነ ነጭ ኖራ ረግጫለሁ። ፈቀቅ አልኩላት፤ ኖራ እርጥብ መሬት ሲነካ የሚያወጣው ሽታ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልጅቷ የከተማው አስተዳደር ባለሙያ ናት። የእግረኛውን መንገድ ሊያሰፉ፣ የጎርፍ መውረጃውን ሊሸፍኑ፣ ዛፍ ሊተክሉ መስመር እያወጡ ነው። ጓደኛዋ ጫፉ ላይ እንጉዳይ የመሰለ መሣሪያ የተሰካበት ረጅም ዘንግ ይዞ ቆሟል፤ ልኬቱን ከሳተላይት ይቀበላል ብለው አስረዱኝ። እኛ በዘመናችን ግማሽ ቀን እንፈጅበት የነበረውን ሥራ እነሱ የቀዱት ሻይ ሳይበርድ ይጨርሱታል። ቀጠሮዬን ረስቼ እስከ ቀትር እዚያው ስመለከት ቆየሁ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ ይህን መንገድ የሳልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ሽማግሌ ሲናገር እንደሚደረገው በአክብሮት ፈገግ ብላ በምን እንደሳልኩት ጠየቀችኝ። በቀለም ብዕርና በምላጭ አልኳት። ምላጩ አልገባትም፤ እኔም አላብራራሁላትም። አሁን የምጽፈው ያን ቀን ለእርሷ ያላብራራሁትን ነው።

ያን ጊዜ ወላይታ ሶዶ ትንሽ ነበረች። የዘመኑን ስም ልተወው፤ መንግሥት ይመጣል ይሄዳል፣ እኔ የማስታውሰው የሻዩን ዋጋ ነው። ሻይ በስሙኒ፣ ከሻዩ ጋር ትኩስ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም። የወር ደመወዝ የተቀበልን ቀን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ምግብ ቤት ገብተን ጥሬ ሥጋ በዳጣ እንበላና አፋችን እየተቃጠለ እንስቅ ነበር። ጎረምሳ ሁሉ ታቹ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ይለብሳል፤ በክረምት ያ ሱሪ ጭቃውን እየጠረገ ሲሄድ የለባሹ እናት ማዘኗ አይቀርም። ሴቶቹ ሽንሽን ቀሚስ ከላዩ ሹራብ። ከመናኸሪያው ጥግ አንድ ካሴት የሚቀዳ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ የወላይታ ዘፈን ከፍ አድርጎ ሲለቀው ወደ በዴሳ የሚሄዱ መንገደኞች ዕቃቸውን ተሸክመው ሳያውቁት ወገባቸው ይወዛወዛል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጸሎት ቤቱ አለ፤ መዘምራኑ ረቡዕ ማታ ማታ በአኮርዲዮን ሲለማመዱ ሁለቱ ዜማ መሀል መንገድ ላይ ይገናኛል። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ሁለቱንም እሰማ ነበር፤ የሁለቱንም ወገን ሰዎች ግን አንድ ጊዜም ሲጣሉ አልሰማሁም።

ዛሬ ሰፊው መንገድ የምንለው ያን ጊዜ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ወደ ታች የሚጠማዘዝ መተላለፊያ ነበር። ጋሪና ጭነት የያዘች አህያ ከተገናኙ አንዳቸው ወደ ኋላ መመለስ አለባቸው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መንገዱን ይወርሰዋል፣ ሰው በየአጥሩ ሥር ተጣብቆ ይሄዳል። መኪና ስለማይገባ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው። ከተማዋ ማስተር ፕላን አልነበራትም እንዳይባል ነበራት፤ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማንም አያወጣውም። ባለሥልጣን ሲመጣ ይዘረጋል፣ ይደነቃል፣ ይጠቀለላል።

እኔ በማዘጋጃ ቤቱ የንድፍ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከበዴሳ ነው የመጣሁት፤ ሶዶ ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም። ማርቆስ እባላለሁ። በገባሁ በዓመቱ አቶ ዳና የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ መጣ። የሶዶ ልጅ ነው፤ ከተማ ፕላን አዲስ አበባ ተምሮ ሌላ ቦታ ሠርቶ የተመለሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከዓመት ዓመት አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ ሰው። የመጀመሪያ ቀኑ ያን ቱቦ አስወጣና ወረቀቱን በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠራኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የምኖርበትን ከተማ ከላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ቤቶቹ ሁሉ ከባቄላ ያነሱ ነቁጦች ናቸው። በነሱ መሀል አንድ መስመር፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ ወደ ኦቶና ይወርዳል። ሰው ተቀምጦ ገና የሌለ ነገር እንዲህ አድርጎ ማሰቡ አስደነገጠኝ። ትንፋሼን ይዤ እንዳየሁት ትዝ ይለኛል። አቶ ዳና ግን አልተደነቀም። «ወረቀት ሆኖ ማንንም አያስቀይምም፤ ችካል ሲሆን ነው ጉዱ» አለኝና ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሦስት ወር ሙሉ ችካል አልተከለም። እኔን አስከትሎ ቤት ለቤት ዞረ። በየደጁ ጫማውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ስንት ሰው እንደሚያድር ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው ሜትር የሚያወጣው። አሮጌው መስመር በአንዳንድ ቦታ ሙሉ ቤት ይበላ ስለነበር ሁለት ሜትር ወዲህ፣ አንድ ሜትር ወዲያ እያለ አዲስ መስመር መረጠ፤ ቀጥታነቱን ሳይለቅ፣ ማንም ቤተሰብ ከነቤቱ እንዳይነቀል አድርጎ። አጥር የሚነካበት አለ፣ ወጥ ቤት የሚፈርስበት አለ፣ ሳሎን የሚቆረጥበት አለ፤ ነገር ግን ቤቱ የሚነካበት ሁሉ በያለበት ጓሮ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ይችላል። ይህን አጣርቶ ሲጨርስ መስመሩን እኔ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የንድፍ ወረቀት፣ በትሬሲንግ ላይ አሰፈርኩት፤ ኮፒው ታትሞ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ለአንድ ወር ተለጠፈ። ሰው መጥቶ በጣቱ ቤቱን ይፈልግ ነበር። የከተማው ሰው ፕላን ሲያነብ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች ሳይቀሩ የራሳቸውን ነቁጥ አወቁት።

የኔን ጉድ ከዚህ ላይ ልጀምር። የምኖረው በአዬ ባሎቴ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። አዬ ባሎቴ የአቶ ዳና እናት ናቸው። ባላቸው አናጢ ነበሩ፤ እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብለው ነው ያረፉት። ቤቱን በእጃቸው ነው የሠሩት፤ በተለይ በረንዳውን። ከዋንዛ እንጨት የተጠረቡ አራት ምሰሶዎች፣ በየምሰሶው አናት ላይ የተፈለፈለ አበባ። አዬ ባሎቴ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠው ቦሎቄ ሲፈለፍሉ መንገደኛው ሁሉ ሰላም ብሏቸው ያልፋል። ታይፎይድ ይዞኝ ለሞት በደረስኩ ጊዜ ከጎኔ ያልተለዩኝ እርሳቸው ናቸው፤ የጎዳሬ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሱ፣ እየጸለዩ፣ ሸሚዜን እያጠቡ። በአዲሱ መስመር ያ በረንዳ በሙሉ፣ ከበስተኋላው ያለው ሳሎንም እስከ መሀሉ ይቆረጣል። አቶ ዳና ይህን ያውቃል። ለእናቱ ግን ገና አልነገራቸውም፤ እርሳቸውም ፕላኑን ሊያዩ አልሄዱም፣ ልጄ የሠራውን ምን አያለሁ እያሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ችካል ተከላው በሳምንቱ ይጀመራል፤ ለመስክ የሚሆነውን ኮፒ ከትሬሲንጉ ማተም የኔ ሥራ ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ የአዬ ባሎቴን ነቁጥ አየሁት። በዚያ ስኬል ሦስት ሜትር ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ከመሀል መስመሩ ላይ ከቤታቸው በላይና በታች ያለውን ትንሽ ክፍል በምላጭ ፍቄ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ማዶ አሳልፌ፣ ዳርና ዳሩን አለስልሼ መልሼ ሳልኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በልቤ ለአዬ ባሎቴ ብዬ ነው አልኩ፤ አቶ ዳናም አፍ አውጥቶ አይለኝ እንጂ ደስ ይለዋል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሳሎኑ ከፈረሰ እርሳቸው ወደ እኔ ክፍል እንደሚገቡ፣ እኔም መውጫዬ እንደሚሆን አስቤበታለሁ። ያላሰብኩት ማዶውን ነው። አሞንያ አሞንያ የሚሸተው ኮፒ ከማተሚያው ሲወጣ መስመሩ ያማረ ነበር። ማንም አያውቀውም።

ተከላው ሲጀመር አቶ ዳና ከላይኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ቀይና ነጭ ቀለም የተቀቡትን ዘንጎች በየሃምሳ ሜትሩ አቆምን። ዘንጎቹ በትክክል ከተደረደሩ ከመጀመሪያው ኋላ ቆሞ አንድ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው የሚታየው አንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ከኋላው ይደበቃሉ። አቶ ዳና ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ። እኔ ከታች ሆኜ ፊቱን አላየሁትም፤ ግን አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል ሲያደርግ አንድ ዘንግ ከሰልፉ ወጥቶ እንደታየው ገባኝ። ከዚያ ሠራተኞቹ ምሳ እንዲበሉ አሰናበተና እኔን ወደ ቢሮ ይዞኝ ሄደ። ትሬሲንጉን አወጣና ከመስኮቱ መስታወት ጋር አስደግፎ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ምላጭ የነካው ወረቀት ሳስቶ ብርሃኑን በሌላ መንገድ ያሳልፈዋል፤ የእናቱ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ፣ የነጣች ጭረት ታየች።

«ይሄ የእናቴ ቤት ነው» አለኝ።

አዎ አልኩ።

«ማዶውስ የማን ነው?»

የልብስ ሰፊው የጴጥሮስ መሆኑን አውቃለሁ። አቶ ዳና አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሜትሩን ሰጠኝና ሄጄ የጴጥሮስን ቤት ውስጡን ለክቼ እንድመጣ፣ ለምን እንደምለካ ግን ለማንም እንዳልናገር አዘዘኝ።

ጋሼ ጴጥሮስ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሱሪዬን ሁሉ የሚሰፋልኝ እርሱ ነው፤ የስፌት መኪናውን ከቤቱ ደጃፍ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ እየዘመረ ይሰፋል። ከቤቱ ጀርባ ወዲያው ገደል ስለሆነ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ጓሮ የለውም፤ አቶ ዳናም መስመሩን ሲመርጥ አጥሩን ብቻ እንዲነካ ያደረገው ለዚህ ነበር። ልለካ መጣሁ ስለው ደስ ብሎት የሜትሩን ሌላ ጫፍ ያዘልኝ። ቤቱ አራት በአምስት ነው። በአንድ በኩል አልጋ፣ በአንድ በኩል የልጆቹ ሰሌን፣ መሀሉ ላይ ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ። ሚስቱ አራስ ነበረች። ጴጥሮስ እየለካን ሳለ ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ቤቱን አይቶ እንደተረዳ፣ አጥሩ ብቻ እንደሚሄድ፣ ለዚህም እሁድ በጸሎት ቤቱ ቆሞ ምስጋና እንዳቀረበ ነገረኝ። ከደጃፉ ሦስት ሜትር ለካሁ። ሜትሩ አልጋው ላይ አረፈ። ሕፃኗ ተኝታበት ነበር።

ወደ ቢሮ ስመለስ አቶ ዳና አልጠየቀኝም። ምላጭ፣ ብዕርና ቀለም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኛል። መስመሩን ወደ ቦታው መለስኩት። ከሥራ ሊያባርረኝ፣ ሊያሳስረኝም ይችል ነበር፤ ጊዜው እንደዚያ ያለ ጊዜ ነበር። እርሱ ግን ኮቱን ለበሰና እናቴ ጋ አብረን እንሂድ አለኝ።

አዬ ባሎቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። አቶ ዳና ከእግራቸው ሥር ደረጃው ላይ ተቀምጦ በወላይትኛ ቀስ እያለ ነገራቸው። የኔን ነገር አላነሣም። መንገዱ እዚህ ድረስ ይመጣል ብሎ ተነሥቶ ሳሎኑ ውስጥ ገባና ከወለሉ ላይ አንድ ቦታ ቆመ። እርሳቸው ከተቀመጡበት ሆነው በበሩ በኩል አዩት። ፍልፍሉን ቦሎቄ ከጭናቸው ላይ ወደ ሰፌዱ መለሱ፣ አባትህ ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቤቱን ልታፈርስ ነው ወይ አሉት። አዎ አላቸው። ሂድ አሉት፤ ሄደ። ሦስት ቀን ከርሱ ጋር አልተነጋገሩም። በየማታው የሚልክላቸውን ዳቦ መለሱበት። እኔም በዚያ ግቢ ውስጥ ሆኜ ሦስቱን ቀን ዓይናቸውን እየሸሸሁ ሰነበትኩ፤ አንድ ቃል ብናገር ይፈርሳል እያልኩ፣ ምኑ እንደሚፈርስ ሳላውቅ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው መንገዱን ተሻገሩና ጴጥሮስ ቤት ገቡ። አራስ ሊጠይቁ ነው። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆመው የራሳቸውን ቤት ከማዶ ሆነው ሲያዩት አየኋቸው፤ ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። በማግስቱ ጠዋት አቶ ዳናን አስጠሩት። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማፍረሱን በየትኛው ቤት ልትጀምር ነው ብለው ጠየቁት። ገና እንዳልጀመረ ነገራቸው።

«እንግዲያው ከዚህ ጀምር» አሉት።

ቅዳሜ ነበር። ሁለት አናጢ አመጡ፤ የባላቸው ተማሪዎች የነበሩ። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ሳይሰብሩ አወረዷቸው። አዬ ባሎቴ እያንዳንዱን ሲወርድ በመዳፋቸው እየዳበሱ በግቢው ውስጥ አስደረደሩት። ጎረቤቱ ከየአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ያያል። ማዘጋጃ ቤቱ የድሃውን አጥር አስፈርሶ የኃላፊውን እናት ቤት ይዘላል ብሎ የተወራረደም ነበር አሉ። የሳሎኑ ቆርቆሮም ወረደ። ከዚያ ከላይ በኩል አንድ ሰው የራሱን አጥር መንቀል ጀመረ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ቀትር ላይ ከተራራው ግርጌ እስከ ታች ድረስ እንጨት ከመሬት ሲነቀል የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ትዕዛዝ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። ሰዎች እንሰታቸውን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅለው እንደ ሕፃን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ኋላ ጓሯቸው ይወስዳሉ። ሴቶች ድንጋይ በሰንሰለት ይቀባበላሉ። ከታች በኩል የአንድ ሽማግሌ ሣር ክዳን ጎጆ በአንድ ጎኗ መስመሩ ውስጥ ትገባ ነበር። እርሱም ምን ላድርግ ሲል አርባ የሚሆኑ ወንዶች ከበቧት፣ ጣሪያዋን ከግድግዳዋ አላቀቁና አንድ ላይ ተነፈሱ። ጣሪያው ከመሬት ተነሣ። ከሥሩ የሚታየው እግር ብቻ ነው። ያ ሁሉ እግር እየዘፈነ፣ ቀስ እያለ፣ ስድስት ሜትር ወደ ኋላ ተራመደ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ከጣሪያው ፊት ፊት ይሄድ ነበር። እኔ ችካል በእጄ እንደያዝኩ አልቅሻለሁ።

በማግስቱ እሁድ ከጸሎት በኋላ አቶ ዳና ወደ ዳሞታ ወገብ ድረስ ይዞኝ ወጣ። ቆመን ቁልቁል አየን። ጠመዝማዛው የለም። በአረንጓዴው መሀል አንድ ቀይ፣ ባዶ፣ ቀጥ ያለ ቦታ ወደ ታች ወርዷል፤ ከርሱ ማዶ በሩቅ የአባያ ሐይቅ ያበራል። በወረቀት ላይ አይቼ ትንፋሼን የያዝኩለት መስመር አሁን ሰዎች የሚሄዱበት መሬት ሆኗል። ስለ ምላጩ የሆነ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና እየው ብቻ አለኝ። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገረም። ከመንገዱ ሥራ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲቀበር ሄጄ አፈር አልብሻለሁ።

አስፋልቱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ግን ቦታው ጠበቀው። አዬ ባሎቴ በሰርቪሱ ክፍል ኖረው ዕድሜ ጠግበው አረፉ፤ እኔ ቀበሌ ቤት አግኝቼ ወጣሁ፣ እሁድ እሁድ ግን ምሳዬ እርሳቸው ጋ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አምቡላንሱ ይርመሰመሳል። ተማሪዎች በዳሩ ስልካቸውን እያዩ ይሄዳሉ። ማንም ቀና ብሎ መንገዱ ለምን ቀጥ እንዳለ አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም።

ያን የሐምሌ ቀን ከቆምኩበት ሳልንቀሳቀስ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ጋሼ ጴጥሮስ ቤት ሄድኩ። ያቺ አራት በአምስት ቤት አሁን ፎቅ ሆናለች፤ ከታች የልጆቹ የልብስ ስፌት ድርጅት ነው፣ ስድስት መኪና ይንጫጫል። ጋሼ ጴጥሮስ ከሰማንያ አልፎ ዓይኑ ደክሟል፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ምላጩን፣ ወረቀቱን፣ ለምን ቤቱን እንደለካሁ። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ ካቋረጥኩ እንደማልጨርሰው አውቄያለሁ። መኪኖቹ ሲንጫጩ እርሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

ስጨርስ ክንዴን ያዘና ተነሣ። ወደ ደጃፉ አድርሰኝ አለኝ። አደረስኩት። ፊቱን ወደ ቤቱ መልሶ ቆመና ከየት እስከ የት እንደነበር ጠየቀኝ። ሦስት ሜትር አልኩት። ከኔ ጋር መራመድ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት እያለ፣ ጨርቁን፣ መኪኖቹን፣ ጎንበስ ብለው የሚሰፉትን ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን እያለፍን። አንዷ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት፣ ያን ጊዜ አልጋው ላይ የተኛችው ሕፃን ናት፤ አባቷ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳይገባት መርፌዋን ይዛ ቀና አለች። ከአጠገቧ ስንደርስ ቆም አደረግኩት።

«እዚህ ድረስ?» አለኝ።

«እዚህ ድረስ ጋሼ።»

የልጁን ትከሻ በእጁ ፈልጎ አገኘና እዚያው ላይ አሳረፈው። የሚያየውን ያህል ዙሪያውን ተመለከተ።

«ብዙ ነው» አለ። ቀጥሎም ለልጁ በወላይትኛ እንግዳ አለን፣ ምሳ ጨምሪ አላት።